ላልተጓዝኩት ሁለተኛ ጉዞ ስለተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት

ለክቡር ዳይሬክተር
የደቡብ ወረዳዎች የአውሎ ነፋስ ጊዜ የመንገድ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በአራተኛው ፎቅ ላይ ለሚገኙት የሥራ ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነትን ከልብ እመኛለሁ። መብራት ሲጠፋ በራሱ ለሚነሳው ጄኔሬተርዎም፣ ባለፈው ነሐሴ በዚያች ቅዳሜ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳያሳፍርዎት ስክሪኖቹን ሁሉ አብርቶ ስለዋለ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እኛ በፖን ሲፕሬ የምንኖረው ደህና ነን። ደህና ነን ስል፣ መኪና ከሌላቸው ስልሳ አንድ የመንደሬ ሰዎች ስልሳው ደህና ናቸው ማለቴ ነው።

እኔ ዊልበርት ቨርዲን እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ። አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ይኸው ቢጫ አውቶቡስ በጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ ስሙ ተለውጦ "ተሽከርካሪ 14" ይባልና፣ መንዳት የማይችሉትንና መኪና የሌላቸውን ጎረቤቶቼን ዘጠና ማይል ወደ ሰሜን፣ ወደ ፔይንሂል መጠለያ ያወጣል። በጥር ወር በፖስታ የላኩልኝ ዳር ዳሩ በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ የምስጋና ወረቀት በሰላም ደርሶኛል፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በወረዳችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ። ሕዝቡ በአዲሱ ረቂቅ እቅድዎ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ በደግነት ያዘጋጁትን ቅጽ ለመሙላት ሞክሬ ነበር። ቅጹ ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው። የእህቴን ሙሉ ስም፣ ዕድሜዋንና የቀረችበትን ቦታ ስጽፍ ሁለቱ መስመሮች አለቁ፤ ሦስተኛው ላይ ስለ ጊዜዬ የሚያመሰግነኝ ጽሑፍ ቀድሞ ታትሞበታል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሊገባ ስድስት ሳምንት ስለቀረውና ረቂቁም ሊጸድቅ ስለሆነ፣ ሰፋ ያለ ወረቀት ከመፈለግ በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸውን ሌላ ሰው ቢሆን ቅሬታ ይላቸው ነበር። እኔ ግን ቃሉ ለማዕረግዎ ስለማይመጥን ምስጋና ብያቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ለእቅዱ አመሰግናለሁ።

በገጽ 14 ላይ፣ የአውሎ ነፋሱ ዓይን፣ መካከሉ ማለት ነው፣ ሊደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቀረው የአውራ ጎዳናው አራቱም መስመሮች፣ ወደ ደቡብ የሚወርዱት ሁለቱ ጭምር፣ ዞረው መኪና ሁሉ ወደ ሰሜን ብቻ እንዲሄድባቸው ይደረጋል ይላል። በዚያ ሰዓት ማንም በምንም ምክንያት ወደ ደቡብ አይነዳም። ብልህነት ነው፤ የባሕሩን ዳርቻ ሕዝብ በሙሉ በሁለት ጠባብ መስመሮች ላይ ከማጋፋት አራት መስመር ይሻላል። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም፣ በእርግጥ ይሻላል፤ ከዚህ በፊት በነበሩት አውሎ ነፋሶች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ውሃ የደረሰባቸውን ሰዎች አውቃለሁ።

በገጽ 15 ላይ ደግሞ፣ ተሽከርካሪ 14 የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ስምንት ሰዎች ፔይንሂል አድርሶ፣ ወደ ደቡብ ተመልሶ፣ የቀሩትን ሃያ ሦስት ሰዎች በሁለተኛ ጉዞ ያወጣል ይላል። ይህም ብልህነት ነው፤ በሁለት አውቶቡስ ፈንታ አንድ ይበቃል።

ክቡር ሆይ፣ ሁለቱ ገጾች ፊት ለፊት ናቸው። መጽሐፉ በተዘጋ ቁጥር አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጠጋግተው ሲኖሩ አንድም ቀን አለመነጋገራቸው ይገርመኛል። ገጽ 14ን የጻፈው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ፣ ገጽ 15ን የጻፈው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ መሆኑንና አሳንሰሩ ያኔ ተበላሽቶ እንደነበር ከአንድ ሠራተኛዎ ሰምቻለሁ። ሠራተኛው ይህን የነገረኝ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፦ በማያውቁት ልማዳችን ስለተማመኑበት አመሰግናለሁ።

ከስልሳ አንድ ሰው ማን ቀድሞ ማን ይቀራል የሚለውን ጽሕፈት ቤትዎ በየትኛውም ገጽ ላይ አልጻፈም። መጻፍም አላስፈለገዎትም። በእኛ መንደር በክፉ ቀን አውቶቡስ የያዘም ሆነ ጀልባ ያለው ሰው የራሱን ዘመድ የሚጭነው መጨረሻ ላይ ነው። አያቶቻችን በታንኳ ሲሸሹም እንዲሁ ነበር። የራሱን ሰው አስቀድሞ የጫነ ከዚያ በኋላ በመንደሩ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ ሰላም አይለውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ጉዞ የእኔ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጨቃጨቅም፣ ሰልፉም በጸጥታ ይሄዳል።

የእኔ ሰው ታላቅ እህቴ ኦሊታ ናት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤቱን ምሳ ስታበስል ስለኖረች ትልቁም ትንሹም "ታንት ኦሊታ" ይላታል፣ አክስታችን እንደ ማለት ነው። ጄራልዲን የተባለችው ማዕበል ከተጠበቀችው አንድ ቀን ቀድማ ስትመጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በር ላይ ቆማ ከዝርዝሯ ስም የጠራችው እሷ ነበረች። በሽተኛ፣ መራመድ የማይችል፣ ጨቅላ የታቀፈች፣ እያለች በየተራ አሳፈረቻቸው። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ሚስተር ኢኖስ ከባሕር የተጠመደ ሽሪምፕ በበረዶ የሞላ ሣጥናቸውን ይዘው ሊገቡ ሲሉ ያዘቻቸው። "እሱን ለእኔ ይተዉት፣ ሽሪምፑን እኛ እንበላልዎታለን። መቀመጫው ለሰው ነው" አለቻቸው። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

ማዕበል ሲመጣ መብራት እንደሚጠፋ ስለምናውቅ በየማቀዝቀዣው ያለውን ሁሉ አውጥተን በአንድ ድስት መሥራት የእኛ ወግ ነው። ኦሊታ ጉምቦዋን፣ ያን የባሕር ምግብ ወጧን፣ ከማለዳው ጥዳ ነበር። እኔ በሩን ከመዝጋቴ በፊት ቆሜ ሳያት "ምን ታፈጣለህ? ሁለተኛው ጉዞ ላይ አለቃዋ እኔ ነኝ። ሂድ፣ ጉምቦው ሳይበርድ ተመለስ" አለችኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር።

ሦስተኛ፦ በማርሎው መገናኛ ላይ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ።

ሠላሳ ስምንቱን ሰዎች ስድስት ሰዓት ላይ ፔይንሂል አወረድኩ። በዚያው ሰዓት፣ እኔ የሚስተር ኢኖስን ክንድ ይዤ ደረጃ ሳስወርድ፣ እርስዎ መንገዱን አዞሩት። ባዶውን አውቶቡስ ይዤ የተዞረው መንገድ የሚያበቃበት ማርሎው መገናኛ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ከብርቱካናማ በርሜሎች ጀርባ አንድ የመንገድ ፖሊስ ቆሟል። ከእሱ በላይ የተሰቀለው የመብራት ሰሌዳ "ሁሉም መስመር ወደ ሰሜን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ይላል። አሮጌው የወንዝ ዳር መንገድ ከጠዋት ጀምሮ በባሕር ውሃ ስለተዋጠ፣ ወደ ፖን ሲፕሬ የሚወስድ ሌላ መንገድ በምድር ላይ አልነበረም።

ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነው። ስሙን የማልጽፈው ጨዋነቱ ጣጣ እንዳያመጣበት ብዬ ነው። የገጽ 15ን ቅጂ አሳየሁት፣ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ከዚያ ራዲዮውን አንስቶ ወደ እናንተ ጠራ።

"ተሽከርካሪ 14 ወደ ደቡብ መውረድ አለበት" አለ።

"ሰው ጭኗል?" አለ የራዲዮው ድምፅ።

"አልጫነም፣ ባዶ ነው።"

"ባዶ ከሆነ ቅድሚያ የለውም። ሰው ሲጭን ጥራን።"

ፖሊሱ ራዲዮውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "የሚጫኑት ሰዎች የት ነው ያሉት አባቴ?" ሲለኝ፣ "ታች" አልኩት። ይህንኑ መልሶ በራዲዮ ነገራቸው። እዚያ በኩል ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ "ታች ያሉት ሰዎች ወደ ላይ ይምጡና እናስተናግዳቸዋለን" የሚል መልስ መጣ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ የሰጡት ሰው ክፉ ናቸው ብዬ አላስብም። ፊት ለፊታቸው የነበረው ሠንጠረዥ "የጫነ" እና "ያልጫነ" የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ስለነበሩት ነው። ሊጭን የሚሄድ ሰው ሣጥን የለውም። ለዚህ ግልጽነት አመሰግናለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ሰው ለመጫን አስቀድሞ ሰው መጫን እንደሚያስፈልግ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም።

አራተኛ፦ ነጻ የስልክ መስመርዎን በተመለከተ። ወደ ሰሜን በመጓዝ ላይ ያሉ አንድን፣ ሰሜን የደረሱ ሁለትን፣ የቤት እንስሳ ያላቸው ሦስትን እንዲጫኑ በሚያምር ድምፅ ተነገረኝ። ወደ ደቡብ ለሚሄድ ቁጥር ስላልነበረ ሁሉንም በየተራ ተጫንኳቸው። በመጨረሻ ሙዚቃ መጣልኝ። ሙዚቃው ጥሩ ነበር።

አምስተኛ፦ በታሪካችን የተሻለውን የመኪና ፍሰት ስላስመዘገቡ እንኳን ደስ ያለዎት።

በማግሥቱ በሰጡት መግለጫ፣ አውራ ጎዳናው ቀኑን ሙሉ በካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ መዋሉን፣ የትም ቦታ መጨናነቅ አለመታየቱን ገልጸዋል። እመሰክራለሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በርሜሎቹ አጠገብ ቆሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰው በተዞረው መስመር ላይ መንዳት ስለሚፈራ፣ ምልክቱ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት፣ መውጫው ሁሉ በግልባጭ ሆኖበት ስለሚደናገር፣ አብዛኛው በለመደው በኩል ተጠጋግቶ ይሄድ ነበር። በዳር ያለው አራተኛው መስመር ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ የቆጠርኩት አሥራ አንድ መኪና ነው። አንደኛው ከኋላው የመዝናኛ ጀልባ ይጎትት ነበር። ሌላው የሣር ማጨጃ ማሽን ጭኖ ነበር። እኔ ግን በዚያ ባዶ አስፋልት ላይ ሰው ፊት ለፊት እንዳልገጭ፣ አንድ የፖሊስ መኪና ከፊቴ ሆኖ መንገዱን ቢያስለቅቅልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። አጃቢ የሚመደበው ለጫነ ተሽከርካሪ መሆኑ ተነገረኝ።

አረንጓዴው መስመር እውነት ነው። የፖን ሲፕሬ ሰዎች መንገዱ ላይ ስላልነበሩ አላጨናነቁትም።

ስድስተኛ፦ ስለ ሃያ ደቂቃዋ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ የኔም አለበት፤ እንዳይቀርብኝ ልጻፈው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የራዲዮው ድምፅ ጉዳዬ ለበላይ አካል መቅረቡንና ሃያ ደቂቃ እንድጠብቅ ነገረን። በዚያው ቅጽበት ኦሊታ ደወለች። "የት ደረስክ?" አለችኝ። ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል፣ የድስት ክዳን ይሰማል። ማርሎው ላይ ታግጃለሁ ማለት ነበረብኝ። ራስል ዳርዳር የተባለው ጎረቤታችን ሽሪምፕ የሚያጠምድበት ጀልባ አለው፣ በሱ ውጡ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የመንግሥት ቃል ቃል መስሎኝ "ሃያ ደቂቃ ጠብቂኝ፣ እየመጣሁ ነው" አልኳት። "በል በርታ" ብላ ዘጋች።

ራስል በዚያን ሰዓት፣ ወንዙ ገና ሳይናወጥ፣ አዳራሹ በር ላይ መጥቶ ጀልባዬ ላይ ውጡ ብሏቸው ነበር። ይህን በኋላ የነገረኝ ራሱ ነው። ኦሊታ "ወንድሜ እየመጣ ነው፤ ሕፃናቱን ውሃ ላይ ከማንገላታት አውቶቡስ ይሻላል" ብላ መለሰችው። ልክ ነበረች፤ ቢመጣ ኖሮ አውቶቡስ ይሻል ነበር። አሥር ሰዓት ላይ የስልክ ማማው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ልደውልላት አልቻልኩም፣ ልትደውልልኝም አልቻለችም። በእጇ የቀረው የመጨረሻ ቃሌ "እየመጣሁ ነው" የሚለው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው የአዳራሹን ደረጃ ሲወጣ ራስል ተመልሶ መጣ፤ ሰዎቹንም እየተሸከመ ጫናቸው። ኦሊታ እንደ ጠዋቱ ስም እየጠራች፣ በእርሳስ ምልክት እያደረገች፣ ሃያ ሁለቱን አሳፈረቻቸው። እሷ ግን አልወጣችም።

"ታንት፣ ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አላት።

"ዊልበርትን አታውቀውም እንዴ?" አለችው። "መጥቶ ባዶ አዳራሽ ካገኘ ቤት ለቤት እየዞረ ሲጠራን ነው ውሃ የሚወስደው። አንድ ሰው ቆይቶ ሄደዋል ሊለው ይገባል።"

"ወረቀት በሩ ላይ ለጥፊለት።"

"በዚህ ነፋስ? አንተ ደግሞ። ሃያ ደቂቃ ብሎኛል፤ ዘገየ እንጂ ይኸው መድረሱ ነው። ድርሻውን አስቀምጬለታለሁ፣ ርቦት ነው የሚመጣው። ሂድ፣ ሕፃናቱን አድርስ።"

ራስል ሕፃናት የጫነ ጀልባ ይዞ ከእሷ ጋር ሊከራከር አልቻለም። አድርሷቸው ሊመለስላት አስቦ ሄደ። ማዕበሉ አላሳለፈውም። ሁለተኛ ጉዞ ያሰበ እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእኔም ፈቃድ መጣ። የራዲዮው ድምፅ ተሽከርካሪ 14 ወደ ደቡብ እንዲወርድ በልዩ ሁኔታ መፈቀዱን ካበሰረን በኋላ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ ነፋሱ ከተወሰነው ልክ ስላለፈ መንገዱ ከአሁን ጀምሮ ለማንኛውም ተሽከርካሪ መዘጋቱን ጨመረልን። በሥነ ሥርዓት የተሠራ ሥራ ነው፤ ፈቃዱም ክልከላውም በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ መልእክት ደረሰኝ። ፖሊሱ ኮፍያውን አውልቆ መኪናው ላይ ተደገፈ። እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ አላለቀስኩም፤ አሁን ግን ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አልችልም፣ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ተማሪ እስኪገባ ውጭ ቆሜ ነው የምጠብቀው።

ማክሰኞ ዕለት ውሃው ሲሸሽ ራስልና እኔ አዳራሹ ውስጥ አገኘናት። ከዚህ በላይ በጋዜጣ ላይ አልጽፍም።

ዝርዝሩ በዳቦ ፌስታል ተጠቅልሎ በሹራቧ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። ሃያ ሁለት ስሞች አጠገባቸው የእርሳስ ምልክት አለ። ሃያ ሦስተኛው ስም ምልክት የለውም። ጽሕፈት ቤትዎ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙ ቁጥሮች አውጥቷል፤ ከሁሉም ትክክለኛው ቆጠራ የእሷ ስለሆነ ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልዎታለሁ። ዋናውን አልሰጥም።

ሰባተኛ፦ በየካቲት ወር በተደረገው ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ሁለት ደቂቃ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ።

በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ አውቶቡሶች ሁለተኛ ጉዟቸውን እስኪጨርሱ ከአራቱ መስመሮች አንዱ ብቻ ወደ ደቡብ ክፍት ይቆይ ብዬ ጠየቅኩ። ምክትልዎ በጣም በትሕትና መለሱልኝ። ኮምፒውተሩ እንዳሰላው አንድ መስመር ለደቡብ ቢተው የአጠቃላይ ሕዝቡ መውጫ ጊዜ በአርባ ደቂቃ ይረዝማል አሉ። አርባ ደቂቃ ቀላል አይደለም፣ ይገባኛል። ኦሊታ የጠበቀችውን ሰዓት ግን ኮምፒውተሩ አስልቶት እንደሆነ ልጠይቅ ስል ደወሉ ጮኸ። ሁለቱ ደቂቃዬ አልቆ ኖሯል።

አሁን በእጄ ባለው አዲሱ ረቂቅ ላይ ገጽ 14 እንዳለ ነው። ገጽ 15ም እንዳለ ነው፤ ሽፋኑ ብቻ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ተለውጧል። ተሽከርካሪ 14 ዘንድሮም ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ሾፌሩም እኔው ነኝ።

ክቡር ሆይ፣ የጎደለብን አንዲት ሴት ብቻ ናት ብለው እንዳይጽናኑ አንድ ነገር ልንገርዎት። ባለፈው ወር ባዘዙት ልምምድ ላይ አውቶቡሱን አዳራሹ በር ላይ ሳቆም፣ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ተንጋጋ። ሚስተር ኢኖስ፣ በሕይወታቸው ሰው ቀድመው የማያውቁ ሽማግሌ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ በክርናቸው ገፍተው ገቡ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። "ይቅር በለኝ ዊልበርት፣ ሁለተኛ የሚባለውን ፈርቼው ነው" አሉኝ። ምን ልበላቸው? እኔም ፈርቼዋለሁ። በልምምድ ቀን፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ነፋስ ሳይኖር እንዲህ ከሆነ፣ ማዕበሉ ሲመጣ በዚያ በር ላይ የሚሆነውን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ሳያውቀው ይደገፍበት የነበረው ልማዳችን አብሮ ሰጥሟል።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ እንዲያውም ከሦስት አንዱን ይምረጡ ብዬ ላቅልልዎት። ወይ አንድ መስመር ይተዉልን። ወይ ሁለተኛ አውቶቡስ ይጨምሩልን። ሁለቱም ካልተቻለ "ሁለተኛ ጉዞ" የሚሉትን ቃላት ከገጽ 15 ላይ ይሰርዙና፣ ሃያ ሦስት ሰዎች እንደማይወጡ በግልጽ ጽፈው ይፈርሙበት። እኛም አውቀነው ገና ሰማዩ ሳይጠቁር በራስል ጀልባ እንወጣለን። ስም እየጠራን ሰው የምንሸኘው፣ አውቶቡሱ ይመለሳል በሚል ሐሰተኛ ተስፋ መሆኑ ነው የገደለን። ይህ ሳይሆን የመውጫው ትእዛዝ ከመጣ፣ አውቶቡሱን አዳራሹ በር ላይ አቁሜ ቁልፉን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ለማንም "እየመጣሁ ነው" አልልም።

ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ከተጣበበው ጊዜዎ ቀንሰው ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መንገድዎ ሁልጊዜ አረንጓዴ፣ ስልክዎ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ ወዳጅ ዘመድዎም ሁልጊዜ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ እንዲሆን ከልብ እመኝልዎታለሁ።

በማርሎው መገናኛ ሦስት ሰዓት የጠበቀ፣ አሁንም በመጠበቅ ላይ የሚገኝ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ዊልበርት ቨርዲን
የተሽከርካሪ 14 ሾፌር
ፖን ሲፕሬ

አባሪ፦ የኦሊታ ቨርዲን የስም ዝርዝር ቅጂ፣ አንድ ገጽ፤ የምስጋና ወረቀት፣ ዋናው፣ አንድ ገጽ።

ማስታወሻ፦ የምስጋና ወረቀቱን መመለሴ በንቀት እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ወረቀቱ "ሁለቱንም ጉዞ በሰዓቱ አጠናቆ ስልሳ አንድ ሰዎችን በሰላም ስላደረሰ" ይላል፤ በፊርማዎም ጸድቋል። በዓመታዊ ዘገባዎም ላይ ይኸው ቁጥር ሰፍሯል። እኔ የማስታውሰው የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉንም ፔይንሂል በር ላይ በስማቸው እየጠራሁ አውርጃቸዋለሁ። ከራስል ጀልባ የወረዱትም ሃያ ሁለቱ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ሁለተኛውን ጉዞዬን የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ መዝገብዎን አገላብጠው በአንዲት መስመር እንዲጽፉልኝ እለምንዎታለሁ፤ እህቴን የት ነው ያወረድኳት?